የኮንዶሚኒየሙ ባዶ ቦታ ምን ይሁን? ከስብሰባው በፊት የሚነበብ

አምና የግቢያችን ማኅበር እሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠራን። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ በአራቱ ብሎኮች መሀል ያለው ባዶ ቦታ። ጎረምሶቹ ኳስ ሜዳ አሉ። መኪና ያላቸው ፓርኪንግ አሉ። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ዥዋዥዌና ሸርተቴ ጠየቀች። የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ብድግ ብለው «ዛፍ ትከሉና ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አኑሩልን፤ ሌላው ይቅርብን» አሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ዝናቡ በተነን።

ከዚያ ወዲህ አመል ሆነብኝ። ዘመድ ልጠይቅ የሄድኩበት ሳይት ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ግቢውን እዞራለሁ። በእርምጃ እለካለሁ፤ ጥበቃውን አወራለሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የወጣ ነው። እናንተ ግቢ ውስጥም ይኸው ክርክር ካለ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

አዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ዳር ዳሯ በኮንዶሚኒየም ተሞልቷል። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ። ቤቱ ተሠራ፤ መንገዱም እየቆየ መጣ። በብሎኮቹ መሀል የተተወው ቦታ ግን ለምን እንደታሰበ የሚነግራችሁ ሰው ብዙ አታገኙም። የከተማ ፕላኑ መርህ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ይላል። ያማረ ቁጥር ነው። እኛ ጋ ሲደርስ የተሰበረ ብሎኬትና የክረምት ጭቃ ያለበት ቦታ ሆኗል።

«ፓርክ እኮ ተሠራልን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወዳጅነት ፓርክም አለ። ሁለቱም ያምራሉ። ግን ከቱሉ ዲምቱ ሦስት ልጅ ይዞ እንጦጦ መውጣት የዓመት በዓል ጉዞ ነው። የታክሲው ሂሳብ ብቻውን ያሳስባል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ አንድ የሚጠቀምበት መለኪያ አለው፤ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ ከቤት በ300 ሜትር ውስጥ፣ ማለትም በእግር አምስት ደቂቃ። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። አብዛኛው የኮንዶሚኒየም መሀል ቦታ ያን ያህል የለውም። እኔ ከመለኪያው የምወስደው አምስት ደቂቃዋን ነው። ልጅ በየቀኑ የሚጫወተው እናቱ በመስኮት ስትጠራው በሚሰማበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ፣ ቦታው የማን ነው?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያውን የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ያደርገዋል። የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ስለዚህ ምድር ቤት ያለ ጎረቤት አጥሩን በየዓመቱ አንድ አንድ ሜትር እየገፋ «ጓሮዬ ነው» ቢል፣ የሁላችሁንም ነው የወሰደው።

ግን በብሎኮች መሀል ያለ ባዶ ቦታ ሁሉ የማኅበሩ ነው ማለት አይደለም። ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ሊሆን ይችላል። ከማንኛውም ሥራ በፊት የሳይት ፕላኑን ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ጠይቁ። አንድ የማውቀው ግቢ ገንዘብ አዋጥቶ ሜዳውን በአርማታ ሞላ። በዓመቱ ቦታው ለመንገድ የተያዘ መሆኑ ተነገረው። ፕላኑን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ጥርጣሬ ካለባችሁ ነቅላችሁ የምትወስዱትን ብቻ ሥሩ፤ የመረብ ኳስ ምሰሶ፣ አግዳሚ፣ በበርሜል የተተከለ ችግኝ።

ተከራዮችንም ጥሩ። በማኅበሩ ድምፅ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር ነው ያለው። ግቢው ውስጥ አቧራ የሚጠጣው የተከራዩ ልጅ ነው። በእኛ የመጀመሪያ ስብሰባ አንድም ተከራይ አልተጠራም ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ሦስት ሰዓት የተጨቃጨቅነው ቦታውን እምብዛም የማንጠቀም ሰዎች ነን።

ቦታው እውነት ባዶ ነው?

ይህን የጠየቁን እትዬ ናቸው፤ ቤታቸው ከቦታው ፊት ለፊት ነው። «ባዶ ትላላችሁ፤ እኔ ልብሴን የት ላሰጣ ነው?» አሉ። ሳቅን። ከዚያ መቁጠር ጀመርን።

ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚጣለው እዚያ ነው። ሰርግም እዚያ ነው። የመስቀል ደመራ የሚደመረው፣ ለቡሄ ችቦ የሚበራው እዚያ ነው። ለበዓል በግ የሚታሰረው፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ መኪና የሚቆመው እዚያ ነው። በርበሬ የሚሰጣው፣ እቃ የጫነ አይሱዙ የሚዞረውም እዚያ ነው። ሥራ የፈታ ካሬ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ማን አለ? ምን ያደርጋል? ልጆቹ በየት በኩል ያቋርጣሉ? የእድራችሁን ድንኳን ከነመተላለፊያው ለኩት። ምንም ብትመርጡ ያን ያህል ቦታ፣ ለበሩ ቅርብ ሆኖ፣ ምንም ሳይተከልበትና ሳይገነባበት መቅረት አለበት። ይህን የረሳ አንድ ሳይት አይቻለሁ። መሀሉን በአበባ መደብና በድንጋይ ከፋፈሉት። ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ መንገድ ላይ ተጣለ፤ መኪና ሲያልፍ ለቀስተኛ ይነሳ ነበር።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ፓርኪንግ

ብዙ ሰው ፓርኪንግ ላይ ይፈርዳል። እኔ ትንሽ ልከራከርለት። ከሁሉም አማራጮች ገንዘብ የሚያስገባው እሱ ብቻ ነው። የወር ክፍያው የጥበቃ ደመወዝ ይሸፍናል፤ መብራት ያስገባል። ጥበቃና መብራት ደግሞ ለልጆቹም ይጠቅማል።

ሂሳቡን ግን እዩት። አንድ መኪና ለመቆም 2.5 በ5 ሜትር ይፈልጋል። መግቢያና መዞሪያ ሲጨመር ወደ 25 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ግማሽ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 15 በ14 ሜትር ነው፤ 210 ካሬ። ስምንት መኪና መሆኑ ነው። ስምንት መኪና ወይስ ከመቶ በላይ አባወራ የሚጋራው ግማሽ ሜዳ? ጥያቄው እንዲህ በቁጥር ሲቀርብ ስብሰባው ላይ ብዙ ጩኸት ይቀንሳል።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። አብዛኛው መኪና ማታ ገብቶ ጠዋት ይወጣል። ልጆች የሚጫወቱት ከቀኑ 9 እስከ 12 ነው። ስለዚህ አንዱን ቦታ ሁለቱም ሊጠቀሙበት ይችላሉ ብሎ የሚያስብ አለ። እኔም አስቤ ነበር። አይሠራም ባልልም ይከብዳል። የራይድ ሾፌሩ ቀን ያርፋል፤ አንዱ መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ወር ይቆማል፤ እሑድ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ነው። አንዴ የገባ መኪና አይወጣም። የሚሻለው ፓርኪንጉን ከውጭ በኩል፣ በመንገዱ ጠርዝ፣ በአንድ ረድፍ ማድረግና ወደ መሀል የሚያስገባውን በትልልቅ ድንጋይ መዝጋት ነው። አንዱ ድንጋይ ግን የሚነሳ ይሁን፤ አምቡላንስና ቦቴ መኪና ይገባል።

ሜዳ

«ኳስ ሜዳ» ሲባል ሁሉም በዓይነ ኅሊናው ትልቁን ነው የሚያየው። ትልቁ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ከ7,000 ካሬ በላይ። እሱን እርሱት። የቤት ውስጥ እግር ኳስ ሜዳ 40 በ20፣ 800 ካሬ ነው። የቅርጫት ኳስ 28 በ15፣ 420 ካሬ። የመረብ ኳስ ሜዳው ራሱ 18 በ9 ብቻ ነው፤ በየጎኑ 3 ሜትር ነፃ ቦታ ሲጨመር 24 በ15፣ 360 ካሬ ይሆናል።

እኔ ለኮንዶሚኒየም መሀል የመረብ ኳስን እመርጣለሁ። አነስ ያለ ነው። ኳሷ ወደ ላይ ነው የምትሄደው፤ በእግር የተለጋች ኳስ ያህል መስታወት አትሰብርም። ሴቱም ወንዱም፣ አርባ ዓመት ያለፈውም ይጫወተዋል። መረቡ ሲወርድ ቦታው ባዶ ነው፤ ድንኳን ይጣልበታል።

እግር ኳስ ሜዳ ላይ ያለኝ ቅሬታ ኳሱ ላይ አይደለም። ሜዳው ጎረምሶች እጅ ገብቶ መቅረቱ ነው። ቪየና ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን አጥንተውት ነበር። ልጃገረዶች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከሰፈር መናፈሻ መቅረት ይጀምራሉ። ወንዶቹ ግን አይቀሩም። ምክንያቱ አንድ ትልቅ ክፍት ሜዳ ሲሆን ጉልበት ያለው ይይዘዋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት መናፈሻዎችን ቦታውን ከፋፍላ፣ መረብ ኳስና ባድሜንተን ጨምራ እንደገና ስትሠራ ልጃገረዶቹ ተመለሱ። እኛ ሰፈርስ? ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ሜዳው ላይ ስንት ሴት ልጅ እንዳለች ቁጠሩ። ሱዚ የሚዘሉት ደረጃ ሥር ነው።

እግር ኳስ ካላችሁ ግን ሁለት ነገር አትርሱ። ጎሉ መስኮት ወዳለበት እንዳይዞር፤ መስኮት ወደሌለው የሕንፃው ጎን ይሁን። የብረት ጎል ደግሞ መሬት ውስጥ ይቀበር ወይም በደንብ ይቸንከር። ልጅ ሲንጠለጠልበት የሚወድቅ ጎል ሰው ይገድላል፤ በብዙ አገር ገድሏልም።

ስለ ወለሉ ብዙ ጭቅጭቅ አለ። የከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ዳር አብዛኛው መሬት መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፤ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ በቀጥታ ስስ አርማታ ብታፈሱ በሁለት ክረምት እንደ እንጀራ ዓይን ይሆናል። መረሬውን አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላትና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። አቅም ከሌለ አርማታውን ተዉት። በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ወደ አንድ ጎን በትንሹ ያዘነበለ፣ ከታች የውሃ መሄጃ ያለው ወለል ለመረብ ኳስ ይበቃል። ያማረ ባይሆንም በየክረምቱ ማኅበሩ ራሱ ያስተካክለዋል።

የልጆች መጫወቻ

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ብረቱን ገዝቶ መሬቱን መርሳቱ ነው። ዥዋዥዌውና ሸርተቴው በየብየዳ ቤቱ ይሠራል። ልጅ የሚጎዳው ግን ሲወድቅ ነው። ከሥሩ አርማታ ወይም የደረቀ መሬት ካለ ባይሠራ ይሻላል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ልል አሸዋ ይፈልጋል፤ በየአቅጣጫውም ሁለት ሜትር ገደማ ነፃ ቦታ። ከዥዋዥዌ ፊትና ኋላ ደግሞ ከዚያ በላይ።

አሸዋ ደግሞ እግር አለው። አንዱ ለቤቱ እድሳት ይወስዳል፤ ድመቱም መጸዳጃ ያደርገዋል። ስለዚህ መጫወቻ የምትመርጡ ከሆነ አሸዋውን በየሳምንቱ የሚያገላብጥና የሚያጸዳ፣ ብሎኑን በየወሩ የሚያጠብቅ ሰው በስም ይታወቅ። «ኮሚቴው ያየዋል» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሸርተቴው ወደ ፀሐይ ዞሮ ስለተተከለ ቀን 7 ሰዓት ላይ ልጅ አይጠጋውም፤ ልብስ ማስጫ ሆኗል።

ርካሹ መንገድ ይኼ ነው። መሠረት ሲቆፈር የወጣውን አፈር ጉብታ አድርጉት። ግማሽ ድረስ የተቀበረ የመኪና ጎማ። የተጋደመ ግንድ። ኮብሉ ላይ በቀለም የተጻፈ ሰኞ ማክሰኞ። ልጆቹ ብዙ አይፈልጉም፤ ድብብቆሽ የሚጫወቱበት መሸሸጊያ ካላቸው ሌላውን ራሳቸው ይፈጥራሉ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ግን ለብቻ ጥግ ስጧቸው፤ ትልልቆቹ ይረጋግጧቸዋል።

ዛፍና አግዳሚ

የጋሼ ምርጫ። ስብሰባው ላይ የተሳቀበትም ይኸው ነበር። ዛሬ ድምፅ ስጥ ብትሉኝ ግን ከሁሉ በፊት የምመርጠው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ዳር ዳር ስለሚተከል ከማንም ጋር አይጣላም። ሜዳም ቢሆን፣ መጫወቻም ቢሆን፣ ፓርኪንግም ቢሆን ጥላ ይፈልጋል።

ወይራ፣ ጥድና ዝግባ አገር በቀል ናቸው፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ። ግራቪላ ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎ ጥላ ከፈለጋችሁ ቀላቅሉት። ባሕር ዛፍ ግቢ ውስጥ አታስገቡ፤ ውሃውን ይጠጣል፤ ቅርንጫፉ በነፋስ ይወድቃል። የትኛውንም ዛፍ ከፍሳሽ መስመርና ከሴፕቲክ ታንክ አርቁት፤ ሥሩ ይገባበታል።

በሐምሌ መትከል ቀላል ነው። ፎቶውም ያምራል። ሥራው ያለው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው። ችግኙ ሁለት በጋ ውሃ ካልጠጣ አይጸድቅም። እኛ ሳይት ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ታዲያ ችግኙን ማን ያጠጣዋል? አንድ ዘዴ አይቻለሁ፤ እያንዳንዱ ችግኝ አንድ ደረጃ ለሚጋሩ ቤቶች ይሰጣል። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይበቃዋል፤ በረኪና ያለበት ግን አይሁን።

ሣርን በተመለከተ፣ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ምልክት ልትተክሉ ከሆነ ይቅርባችሁ። የሚረገጥ ሰርዶ ይሻላል። የታጠረና የተቆለፈ መናፈሻማ ጭራሽ አልወድም። ሄጄ ባየሁት አንድ ሳይት ያማረ መናፈሻ አለ፤ ቁልፉ ያለው ሰብሳቢው ጋ ነው፤ ሰብሳቢው ክፍለ አገር ሄዷል።

የጓሮ አትክልቱን በአጭሩ ልለፈው። ቆስጣና ሰላጣ ለጥቂት ትጉ ሰዎች ጥሩ ነው፤ ለመቶ አባወራ መሀል ቦታ ግን አይሆንም፤ ማን ዘራ ማን አጨደ ላይ ይጣላል። ከብሎኩ ጀርባ ያለች ጠባብ መሬት ትበቃዋለች። ውሃው ግን ከአቃቂ ወንዝም ሆነ ወደ እሱ ከሚገቡት ከተበከሉት ጅረቶች አይቀዳ።

ታዲያ የቱን?

መሀል ቦታችሁ ከ400 ካሬ በታች ከሆነ ሜዳ የሚባል ነገር አታንሱ። ዳሩን ዛፍ፣ አንድ ጥግ የልጆች ጉብታና ጎማ፣ ቀሪውን ለድንኳንና ለልብስ። ከ400 እስከ 1,000 ከሆነ መሀሉን የተጠቀጠቀ ወለል አድርጉና መረብ ኳስ አስምሩበት፤ ፓርኪንጉ ወደ ውጭ ይውጣ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቢሆንም አንድ ትልቅ ሜዳ አታድርጉት፤ ለሁለት ለሦስት ክፈሉት።

ሁለት ሐሳብ እኩል ድምፅ ካገኘ ደግሞ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። በየወሩ የሚያጸዳው፣ የሚጠግነውና የሚከፍለው ሰው ዛሬ የታወቀው የቱ ነው? ሥዕሉ ያማረውን አይደለም፤ እሱን ምረጡ። ስፖንሰር ተገኝቶ በአንድ ቀን የተመረቀ፣ በዓመቱ የዛገ መጫወቻ ስንት አይቻለሁ።

ከመገንባታችሁ በፊት ደግሞ በኖራ አስምሩት። አንድ ኩንታል ኖራ ብዙ ያስምራል። ፓርኪንጉን፣ ሜዳውን፣ የድንኳኑን ቦታ መሬት ላይ አስምራችሁ አንድ ወር ኑሩበት። ቢቻል ዝናብም ያግኘው፤ ውሃው የት እንደሚያቁር በክረምት ነው የሚታየው። ስህተቱን በመጥረጊያ ታጠፉታላችሁ።

እኛ እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ያሰመርነው ሜዳ የእትዬን በር ዘግቶ ተገኘ፤ ሦስት ሜትር ገፋነው። ፓርኪንጉ በውጭ በኩል ለስምንት መኪና ወጣ። መረቡ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሰቀላል፤ ጥበቃው ማታ 1 ሰዓት ላይ ያወርደዋል። ጋሼ ስድስት ችግኝ አስተከሉ፤ አንዱን ለፋሲካ የታሰረ በግ በላው፤ አምስቱ አሉ። አግዳሚውን ከአሮጌ የእንጨት ፎርም ራሳቸው ሠሩት። የልብስ ማስጫው ገመድ ጉዳይ ግን እስካሁን መፍትሔ አላገኘም። ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጥሯል።